የአባት ሲጃራና የሕፃኑ ደም

ሰው ወደዚህ ዓለም ራቁቱን ይመጣል መባሉ የታወቀ ነው። ነገሩ በልብስና በገንዘብ በኩል እውነት ቢሆንም በደም በኩል ግን እውነት አይደለም። ወራቱን ጨርሶ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ከእናቱ የተቀበለውን የብረት ስንቅ በደሙና በጉበቱ ውስጥ ይዞ ይወለዳልና። የዚህም ስንቅ ልክ በሕፃኑ ክብደት ለአንዱ ኪሎ 75 ሚሊግራም ያህል መሆኑን ሐኪሞች መርምረው አስረድተዋል። ስለዚህ 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ይዞት የሚመጣው ብረት ሩብ ግራም እንኳ አይሞላም። በዓይን ቢያዩት ከአንዲት ትንሽ ምስማር የማይበልጥ ይህ ብረት ለሕፃኑ እስከ 4ኛው ወይም እስከ 6ኛው ወር ድረስ የሚያደርሰው ቀለቡ ነው። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ምግብ ሲሆን በውስጡ የሚገኘው ብረት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሕፃኑ ስንቁን ከማኅፀን ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታልና፤ አብዛኛውንም የሚቀበለው በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ነው።

ይህ ስንቅ ሲጎድል ጉዳቱ በደም ማነስ ብቻ አይወሰንም። የሕፃኑ አንጎል በማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በፍጥነት ሲሠራ ብረትን አጥብቆ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ብረት ያነሰው ልጅ አድጎ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ነገርን ለመያዝና ልቡን ለመሰብሰብ ይዘገያል፤ የጎደለውም ብረት በኋላ በመድኃኒት ቢሞላለት አንዳንዱ ጉዳት ሳይጠገን ይቀራል። ስለዚህ ስለ ትምህርት መስፋፋት ሌሊትና ቀን የሚደክሙ ባለሥልጣኖቻችን ይህን ጉዳይ የጤና ቢሮ ሥራ ብቻ አድርገው እንዳያልፉት እናሳስባለን። በ2008 ዓ. ም. በአገራችን በሙሉ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ከመቶው 57ቱ ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኝተዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ወባ አለ፤ የሆድ ትል አለ፤ የምግብ እጥረትም አለ። እኛ ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ግን ብዙ ሰው ስለማያስበው ምክንያት ነው፤ ይኸውም ጢስ ነው።

ትንባሆ ይህን የሕፃን ስንቅ የሚወስድበት መንገድ እንደ ተርታ ሌባ በር ሰብሮ አይደለም። ከሲጃራው ጢስ ጋራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ መልክም ሽታም የሌለው አየር ይወጣል። በደማችን ውስጥ የሕይወት አየር የሆነውን ኦክሲጅንን ተሸክሞ በአካላችን ሁሉ የሚያዳርሰው ሄሞግሎቢን የሚባለው ሲሆን የሚሠራውም በብረት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ከዚሁ ሄሞግሎቢን ጋራ ስለሚጣበቅ የኦክሲጅንን ስፍራ ነጥቆ ይቀመጣል። ነፍሰ ጡሯ የሳበችው ጢስም በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ በጽንሱም ደም ውስጥ ከእናቱ ደም ይልቅ በዝቶ ይከማቻል።

ጽንሱ አየር ሲያጥረው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አካሉ ቀይ ደም ተጨምሮ እንዲሠራ ያዛል፤ ቀይ ደምም ያለ ብረት ሊሠራ አይችልምና ለኋላ ተብሎ በጉበት የተቀመጠው ብረት እየወጣ ለዚሁ ሥራ ይውላል። ከዚህም የተነሣ የምታጨስ እናት የወለደችው ልጅ በተወለደበት ቀን ደሙ ቢመረመር የሄሞግሎቢኑ ልክ ደኅና፥ እንዲያውም ከሌላው ሕፃን ከፍ ያለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ፌሪቲን የሚባለው፥ የተከማቸውን ብረት መጠን የሚያስታውቀው ነገር ከእትብቱ ደም ተወስዶ ሲለካ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ብንገልጸው እንዲህ ያለ ነው። አንድ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ከጎተራ አውጥቶ ድግስ ቢደግስበት፥ በዚያ ቀን ቤቱን ያየ እንግዳ ሁሉ ባለጠጋ ነው ብሎ አመስግኖት ይሄዳል። ክረምት ገብቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲዘራ ግን የእርሱ ማሳ ጦሙን ያድራል። የአጫሽ እናት ልጅም እንዲሁ ነው። በተወለደ ጊዜ ደሙ ሙሉ ነው ተብሎ ከሐኪም ቤት ይወጣል፤ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር ሌላው ሕፃን ከጎተራው እየበላ ሲያድግ እርሱ ባዶ ይሆናል። በዚያን ጊዜ እናትና አባት ወይም ዓይነ ጥላ ነው ይላሉ፥ ወይም ጥርስ ሊያወጣ ነው ይላሉ እንጂ ከስድስትና ከሰባት ወር በፊት በቤታቸው የተጨሰውን ሲጃራ የሚያስታውስ የለም።

ከዚህም በላይ ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም ይቀንሳል። በትንባሆ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካድሚየም የሚባል መርዛም ማዕድንም በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ ለጽንሱ የሚሻገሩትን መልካም ማዕድናት መንገድ ያውካል። ብረት ያነሳት ሴት ደግሞ ይህን ካድሚየም ከሌላው ሰው አብልጣ ወደ አካሏ ታስገባለች፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚከፋው በደኸየችው ላይ ነው። የአጫሾች ልጆች ሲወለዱ ከሌሎች ልጆች በአማካይ 200 ግራም ያህል እንደሚያንሱም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ያነሰ አካል ደግሞ የሚይዘው ስንቅ ያነሰ ነው።

«ይህ ሁሉ ለሐረር ምኗ ነው? የሐረር እናት ሲጃራ አታጨስም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነቱን ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስነው የ2008 ዓ. ም. ጥናት በአገራችን የሚያጨሱ ሴቶች ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ፥ ከወንዶች ግን ከመቶው 4 ያህሉ እንደሚያጨሱ ገልጿል። ነገር ግን ጢስ ያጨሰውን ካላጨሰው ለይቶ አያውቅም። በጁገል ውስጥ ያለውን የቤት አሠራር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ከሸዋ በር ወይም ከኤረር በር ገብቶ በጠባቡ መንገድ ሲሄዱ፥ ቤቶቹ በግንብ አጥር ተከበው ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። በውስጣቸውም ነደባ የሚባለው፥ ምንጣፍ የተነጠፈበት ከፍ ያለ መቀመጫ አለ። የሐረር ሰው እንግዳ የሚቀበለው፥ ሠርግና ለቅሶ የሚቀመጠው፥ ከቀትር በኋላም በርጫውን የሚይዘው በዚህ ላይ ነው። ቤቱ ውብ ነው፤ ጁገልም በ1998 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በሩ ተዘግቶ፥ ዕጣኑ ተጨሶ፥ ከሰሉ ፍም ሆኖ፥ ሁለትና ሦስት ሰዎች ሲጃራ ሲለኩሱበት፥ ከዚያም ሺሻ ሲጨመርበት፥ በዚያው ቤት ቡና የምታፈላውና ውኃ የምታቀርበው ነፍሰ ጡር ሴት ከአጫሾቹ ጋራ ታጨሳለች ማለት ይቻላል። በግንቡ ላይ ለጅብ እንኳ መግቢያ ቀዳዳ በተተወበት ከተማ ለጢስ መውጫ መስኮት መክፈት አይከብድም ነበር።

ጫት የሚቅም ሁሉ ያጨሳል ማለታችን አይደለም። ሁለቱ ግን ወዳጅነታቸው የጠና መሆኑን የማያውቅ የለም፤ በሌላ ቀን ሲጃራ የማይነካው ሰው እንኳ በበርጫ ላይ ሲለኩስ ይታያል። ስለ ሺሻም አንድ ስሕተት በሕዝቡ ዘንድ ተስፋፍቶአል፤ ይኸውም ጢሱ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ ይጣራል የሚለው ነው። ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀረውም። ትንባሆውን የሚያነደው ከሰል ራሱ ይህን አየር አብዝቶ ያወጣልና፥ አንድ ሰዓት ያህል ሺሻ የሳበ ሰው ከሲጃራ አጫሽ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ደሙ አያስገባም።

እዚህ ላይ ከደረስን ስለ ጫቱም ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። ነገሩ በሐረር ላይ የሚከብድ መሆኑን እናውቃለን። ጫት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት ስለ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ጦርነት በተጻፈው ዜና መዋዕል ውስጥ እንኳ ስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። ዛሬም ከሐረር ወደ ሐሮማያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አወዳይ በዚሁ ንግድ የታወቀች ናት፤ ብዙ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው፥ ብዙዋ ሴት ቤቷን የምታስተዳድረው በጫት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጫትን በአንድ ቀን አዋጅ አጥፉት ብለን የምንጽፍ አይደለንም። የምንናገረው ስለ ነፍሰ ጡሯ ብቻ ነው።

በምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር በነፍሰ ጡሮች ላይ ተመርምሮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 የታተመ ጥናት፥ ከተመረመሩት ሴቶች ከመቶው ከ40 የሚበልጡት ደም ያነሳቸው መሆናቸውን፥ ጫት በየቀኑ የሚቅሙትም ከማይቅሙትና አልፎ አልፎ ከሚቅሙት ይልቅ ለደም ማነስ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ጫት ረሀብን ያስረሳል፤ ሁለት ነፍስ ተሸክማ የምትውል ሴት ምሳዋን ሳትበላ ትውላለች። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ጣኒን የሚባለው ነገርም በሆድ ውስጥ ከምግቡ ብረት ጋራ ይተሳሰርና ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ይኸው ጣኒን በሻይ፥ በቡናና ሐረሮች ከቡና ቅጠል በሚያፈሉት በቁቲም ይገኛል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት እነዚህን ከምግብ ጋራ አጣምራ ከምትጠጣ ከምግብ በኋላ አንድና ሁለት ሰዓት ብታቈያቸው ይበጃታል። ምስርና ጎመንን ከመሰለ ምግብ ላይ ሎሚ ወይም ብርቱካን ብትጨምርበት ደግሞ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ይበልጥ ወደ ደሟ ይገባል። ይህ ምክር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

የእንጨትና የከሰል ጢስም ቢሆን ወንድሙ ነው። የሲጃራ ጢስ ያልገባበት ቤት ማድ ቤቱ ግን ጨለማና መስኮት የሌለው ከሆነ ሴቲቱ የምትስበው ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከዚህ በላይ ግን አንዘረዝረውም፤ ስለ ምድጃ ሌላ ቀን እንጽፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በአገራችን ትንባሆን መንቀፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በብርቱ ቅጣት ከልክለው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1930ዎቹ ዓ. ም. ግን የትንባሆ ሞኖፖል ተቋቁሞ ንግዱ ለብዙ ዘመን የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ሆኖ ኖረ። ከ2008 ዓ. ም. ጀምሮ አክሲዮኑ ለጃፓን ኩባንያ እየተሸጠ ሄዶ በ2010 ዓ. ም. የሚበልጠው ድርሻ በዚሁ ኩባንያ እጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ በወጣው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥ ተከልክሏል፤ ማስታወቂያም ተከልክሏል፤ የሲጃራው ማሸጊያ ላይ ከመቶ 70 እጅ የሚሆነው ስፍራ ለማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሕፈት እንዲሆን ታዟል። በ2012 ዓ. ም. ደግሞ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአንዱ ፓኮ ሲጃራ ላይ ከመቶ 30 እጅና 8 ብር ግብር ተጥሎበታል።

አዋጁ መልካም አዋጅ ነው። መልካም አዋጅ ግን በወረቀት ብቻ ሲቀር ሕዝቡን ሕግን መናቅ ያስተምረዋል። በፈረስ መጋላ ዙሪያ ባሉት ቡና ቤቶች ውስጥ ሰው ሲጃራውን ሲለኩስ የሚከለክለው ማን ነው? ለሕፃናት አንድ አንድ ሲጃራ ከፓኮ እያወጣ የሚሸጠውን የሚጠይቀውስ ማን ነው? በግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሕፈት ተለጥፎ ከሥሩ የሲጃራ መተርኰሻ የሚቀመጥበት ቤት ስንት ነው? የክልሉ ጤና ቢሮና የፖሊስ ሹማምንት ይህን ያውቁታልና እኛ አናስረዝመውም። ከትንባሆ በሚሰበሰበው ግብር ላይ ግን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ትንባሆ ከሚጎዳቸው ሁሉ ይልቅ ድምፅ የሌለው በማኅፀን ያለው ሕፃን ነውና፥ ከዚህ ገንዘብ ጥቂቱ ለእናቶች የብረት ክኒንና ለአዋላጆች ሥልጠና ቢመደብ ፍትሕ ነው።

አዋጅ ከደጃፍ አልፎ ወደ ነደባው አይወጣም። ወደዚያ ሊገቡ የሚችሉት ካህናትና ሼኮች ናቸው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ትንባሆ የተነቀፈ መሆኑን ለካህናት መንገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ይሆንብናል። ነገር ግን ነቀፋው እስከ ዛሬ የሚነገረው ስለ አጫሹ ነፍስና ስለ ገንዘቡ ብክነት ነው፤ በሚስቱ ማኅፀን ስላለው ስለ ሕፃኑ ደም ሲነገር እምብዛም አንሰማም። የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ «ሚስትህ ፀንሳለችና በቤትህ ውስጥ እንዳታጨስ» ብሎ ቢያዝዘው፥ ያ ሰው የፖሊስን ቃል ከሚሰማ ይልቅ ይህን ቃል ይሰማል። በጃሚዕ መስጊድና በየመንደሩ መስጊድ የሚሰብኩትም ሼኮች፥ ሰው ራሱንም ጎረቤቱንም እንዳይጎዳ የሚያዘውን ሕግ ዘወትር የሚያስተምሩ ናቸውና፥ ይህን ነገር በዚሁ ላይ ቢጨምሩት የሐረር ሰው ይቀበላቸዋል።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። በረመዳን ነፍሰ ጡርና አራስ ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው ሲፈሩ እንዲገድፉ የሸሪዓው ሕግ ይፈቅዳል፤ በክርስቲያኑም ዘንድ የንስሐ አባት የሴቲቱን ድካም አይቶ ሊያቀልላት ይችላል። ብዙዋ ሴት ግን ጎረቤት ምን ይለኛል እያለች ሳትጠይቅ ትቀራለች። አባቶች እስክትጠይቃቸው ባይጠብቁ ደግ ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ክኒኑ በጤና ጣቢያችን አለ። ሆኖም በዚያው በ2008 ዓ. ም. ጥናት ከወለዱት እናቶች ክኒኑን ጭራሽ ያልዋጡት ከግማሽ ይበልጡ ነበር፤ ከ90 ቀን ያላነሰ የዋጡት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ሴቶቹን ሲጠይቋቸው አንዳንዶቹ ያቅለሸልሸናል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ሰገራችን ጠቈረ ብለው ይደነግጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ልጁ ተልቆ ምጥ ያስቸግረናል ብለው ይፈራሉ። መጥቈሩ የብረቱ መልክ እንጂ ሕመም አለመሆኑን፥ ማቅለሽለሹም ክኒኑን ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ሲወስዱት እንደሚቀል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ ቢነግሯቸው ብዙዎቹ እንደማይተዉት እናምናለን።

ሲወለድም የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ሕፃኑ እንደ ወጣ እትብቱን ወዲያው ከማሰር ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቢታገሡ፥ በእንግዴ ልጁ ውስጥ የቀረው ደም ወደ ሕፃኑ ያልፋል፤ ይህም ለወራት የሚበቃ ብረት ይጨምርለታል። አዋላጅዋ ሰዓት ከማየት በቀር ምንም የምታወጣው የለም። በቤት የሚያዋልዱ ልምድ ዐዋቂ ሴቶችም ይህን እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

ለሐረር ሐኪም ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የምናቀርበው ልመና ቀላል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ በካርዷ ላይ ስሟ፥ ዕድሜዋ፥ ክብደቷና የደሟ ልክ ይጻፋል። በዚያው ላይ «በቤትሽ ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ ወይ? አንቺስ ጫት ትቅሚያለሽ ወይ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ። መልሱ አዎን ከሆነ ባልዋ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሯት እንዲመጣ ይጠራ፤ የሚነገረውም ለእርሱ ይሁን። የወለደችውም ሕፃን ስሙ በተለየ መዝገብ ይያዝና፥ የተወለደ ዕለት ደሙ ሙሉ ሆኖ ቢታይ እንኳ በ4ኛው ወር ለክትባትም ሆነ ለሌላ ነገር ሲመጣ እንደ ገና ደሙ ይታይ።